የእናቴ ድንችና የጓደኛዬ እጅ ጽሑፍ

ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም፣ ትምህርት ቤታችን ሰልፍ ላይ ቆመን፣ የአማርኛ መምህራችን በውድድሩ አንደኛ የወጣውን ድርሰት በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመሩ። «እኔ ከተማ ከመግባቴ በፊት የእናቴ ድንች ገብቶ ነበር።» የእኔ ዓረፍተ ነገር! አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይስቃሉ ብዬ ባሰብኩበት ቦታ ሁሉ ሰልፉ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንብበው ሲጨርሱ የጠሩት ግን የጓደኛዬን ስም ነበር።

እኔና እሷ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንማረው። ለእኔ ከገበዝ ማርያም ድንች ይላክልኛል፣ ለእሷ ከቡሬ በርበሬ። ወጡን እኔ እሠራለሁ፤ እሷ እጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ማስታወሻዬን ትገለብጥልኛለች። ድርሰቱንም «በንጹሕ ገልብጠሽ አስገቢልኝ» ብዬ የሰጠኋት ለዚያ ነው።

መምህሩ ስሙን የተሳሳቱ መስሎኝ፣ ጓደኛዬ ወደ እኔ ጠቁማ «የእሷ ነው» እስክትል ጠበቅኋት። ወጥታ ተጨበጨበላት።

«አንች የበርበሬ አገር ልጅ፣ ድንቹን ከየት አመጣሽው?» አለ አንዱ ከኋላ። እሷ ፈገግ ብላ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

ማታ የሁለታችንን ሽንኩርት እየከተፍኩ ጠየቅኋት።

«አንች፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንሽ ደግሞ? ያስመረጠው የእኔ እጅ ነው። ያንችንማ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን፣ ማን ያነበው ነበር?»

ከስሙም በላይ ይሄ አመመኝ። በእጅ ጽሑፌ እንደማፍር የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር።

በማግስቱ የባዮሎጂ ደብተሬን ይዤ የአማርኛ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ፤ ረቂቁ በጀርባው ገጽ ላይ አለ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር። ሁለታችንንም ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡንና «ድንቹ ከተማ ከገባ በኋላ ምን ሆነ? እስኪ ቀጥሉት» አሉን። እኔ ሁለት ገጽ ሞላሁ። እሷ ርእሱን በዚያ በሚያምር ፊደሏ ጻፈች፤ ከርእሱ በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር።

መምህሩ የእኔን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲታገሉት ቆዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ዓይኔን ልታጠፊው ነው እኮ! ግን ያንች ነው፣ አያጠራጥርም።»

በሚቀጥለው ሰኞ ስሜ ተጠራ። እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። ስመለስ ግን እንደ ልማዴ ወደ ጎን ዞር አልኩ፤ ደስታዬን የማካፍላት እሷ ነበረቻ። ፊቷን ወደ መሬት አድርጋለች።

እስከ ሰኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ድስታችን ግን ሁለት ሆኗል። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ድንቼን አልጫ እበላለሁ።

መጻፉን ግን ማን ያስተወኛል! መምህሩ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ሊከፍቱልን ነው፤ መጻፍ የሚወዱትን ሰብስቢ የተባልኩት እኔ ነኝ። እናንተም ኑ። ለማንም ሳታስገለብጡ፣ በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ ኑ። ዶሮ የጫረው ቢመስልም ግድ የለም፤ ማንበቡን ለእኔ ተዉት።