የብርቄ ሁለተኛ ዓይን

ከአሳታሚው የተመለሰልኝ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ሳምንት አለፈው። አርታኢዋ፣ የልጄ እኩያ የሆነች ትሑት ወጣት፣ ከጅቡ ሥዕል አጠገብ በእርሳስ ስስ አድርጋ ጽፋለች፦ «እትዬ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው የሚያዩን። እባክዎን ቢያንስ ጅቡን ወደ ጎን ያዙሩልን።» እውነቷን ነው። ለልጆች መጻፍና መሣል ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ፊት ሥዬ አላውቅም። ምክንያቱን የጠየቀኝ ሁሉ «ልማድ ነው» የሚል መልስ አግኝቶ ሄዷል። ጅቡን ላዞረው እርሳስ ባነሣሁ ቁጥር ግን ላጲስ ይሸተኛል፤ ከላጲሱ ጋር ደግሞ እርጥብ ሸክላ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከትክል ድንጋይ ገጠር ወጥቼ ከተማ፣ ቁስቋም፣ አያ ተገኘ ቤት ገባሁ። አያ ተገኘ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ያኔ ግን አዲስ ሥዕል የሚያሠራ ደብር ስለጠፋ ለአብዮት በዓል የቀበሌውን ሰሌዳ ይሥል ነበር። እኔ ቀለም በጥብጬ አቀብለዋለሁ። «ስሚኝ ልጄ» ይለኛል ብሩሹን በጥርሱ እንደያዘ፣ «ጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ኃጥእ አንድ ዓይን። ይሁዳም ይሁን ሰይጣን ጎኑን ነው የምታዞሪው። አንድ ዓይን ያለውን ፊት ማንም አይሳለመውም።» የቀበሌውን ሰሌዳ የሚሥለውም በዚሁ ሕግ ነበር። ወዛደሩና ገበሬው ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፤ ኢምፔሪያሊስቱ ባርኔጣውን ደፍቶ በጎኑ ቆሟል። ካድሬው አይቶ «በርታ ጓድ ተገኘ!» ካለው ቤት ይመጣና «ይሁዳን እኮ ነው ባርኔጣ የደፋሁበት» እያለ እስኪያስለው ይስቃል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያውም በመሠረተ ትምህርት። ጣቢያችን የቀበሌው አዳራሽ ነበር። ከፊት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ከኋላ እኛ ያለፈብን ልጆች እንቀመጣለን። ብርቄ የምትመጣው ከወንዙ ማዶ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ነው። ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። የእኛ ሰፈር በሌላ ስም ይጠራቸዋል፤ ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። ደግሞም ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባል ነበር፤ ማሰሯቸውን ግን የማይገዛ ቤት የለም። ብርቄ ስትገባ ልጆቹ አግዳሚው ላይ እየተንፏቀቁ ይርቃሉ። እኔ ያልራቅሁት ደግ ሆኜ አይደለም። ግድግዳው ሥር ስለነበርኩ መሄጃ አልነበረኝም።

እንዲህ ሆነን ጎን ለጎን ከረምን። እጇ ሥራ አይፈታም። አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ብርቄ ከቀሚሷ ኪስ ትንሽ ጭቃ አውጥታ ጭኗ ላይ በሬ ታበጃለች፤ ቀንዱን በጥፍሯ ታሾለዋለች። እኔ እንደማልናገር ስታውቅ ለሁለታችንም እሷ ታወራ ጀመር።

«ይሄ በሬ ዝናብ ይፈራል» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምነው?»

«ጭቃ ነዋ! እሳት ካልገባ ይሟሟል። እሳቱን ደግሞ ከዝናቡ ይብስ ይፈራዋል።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

በሬውን አገላብጣ አየችው። «ቆይ እንጂ፣ ገና አልወሰነም።»

አስተማሪያችን ይህን ሰማች መሰለኝ፣ ስድስት ሉክ ወረቀት ሰጠችንና ለታናናሾቻችን የሚሆን መጽሐፍ እንድንሠራ አዘዘችን። በምረቃው ቀን በሕዝብ ፊት ልናነበው ነው። ብርቄ እየነገረችኝ ቃሉን አብረን ጻፍን፣ ሥዕሉ የእኔ ድርሻ ሆነ፣ ወረቀቱን አጥፈን በመርፌና በክር ሰፋነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በሬውን የሠራችውን ልጅ እንድሥል የተስማማነው ሁለታችንም ነን። እንደማውቃት አድርጌ ሣልኳት፦ አጎንብሳ፣ ጉንጯ ወጣ ብሎ፣ ጆሮዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎ። በሕይወቴ እንደዚያ ሥዕል የተዋጣልኝ አልነበረም። ለአያ ተገኘ እንኳ ሳላሳየው መጀመሪያ እሷ ትየው ብዬ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

ብርቄ እጅ ሳይደርስ ከፊታችን የምትቀመጥ አንዲት አፈኛ ልጅ ነጠቀችኝ። በእኛ አገር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያነባል። «ኧረ እዩልኝ! አንድ ዓይን አደረገቻት! ቡዳዋን እንደ ይሁዳ ሣለቻት!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ብርቄ ነገሩ አልገባትም፤ እነሱ ቤት እንዲህ ያለ ሥዕል የለም። «አንድ ዓይን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሦስት አራት ሆነው እየተሻሙ አስረዷት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም?» አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኔ ያየኋትን ነው የሣልኩ፤ የማያት ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ይህንን ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አንገቴን ደፋሁ። ብርቄ ጭቃዋን ኪሷ ከታ ወጣች፤ በማግሥቱም ከጣቢያው ቀረች።

እኔ ደግሞ በአፌ ያቃተኝን በእጄ ላድን ተነሣሁ። ፊቷን በላጲስ አጥፍቼ ፊት ለፊት ልሥላት ሞከርኩ። ዓይኖቿ አልመጡልኝም። አንዱ ተለቀ፣ ሌላው ፈዘዘ፤ አጠፋሁ፣ ሣልኩ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈገፈግኩ። ሦስት ቀን እንዲህ ስሆን ያየ አያ ተገኘ ጠይቆ ነገሩን ሁሉ አወጣጣኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሁለት ዓይንና ስለ አንድ ዓይን ሲያስተምረኝ ሰምቼው አላውቅም።

«አሁኑኑ ሂጂና በአፍሽ ንገሪያት» አለኝ።

«ሸጋ ሳይሆን አልወስደውም፣ አያ።»

«ሥዕል ይቆያል ልጄ። የማይቆይ ሰው ነው።»

አልሰማሁትም። ሌላ ሁለት ቀን ሣልኩ። በስድስተኛው ቀን ዓይኖቿ እኩል ሆነው አዩኝ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ሲያባራ መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ወንዙን ተሻገርኩ።

የእነ ብርቄ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰው የለም፤ ተቦክቶ የተዘጋጀ የሸክላ ጭቃ ተሸፍኖ ማዕዘን ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታቸውም ባዶ ነው፣ ቀጥሎ ያለውም። መንገድ የማይችሉ አንዲት አሮጊት ብቻ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ብርቄስ?»

«ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል።»

«ሁሉም?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ምን አስጠየቀሽ? አልመጣሁም፣ አላየሁም በይና ሂጂ።»

ያኔ ስለ ሱዳን መንገድ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ተራራውን በእግራቸው ወርደው፣ በረሃውን አቋርጠው እንደሄዱ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ብዙዎች መንገድ ላይ፣ ብዙዎች ደግሞ ሱዳን ገብተው መጠለያው ውስጥ አልቀዋል። ብርቄ ደርሳ ይሆን? አላውቅም። የደረሱትን ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ፤ ብርቄ የምትባል ልጅ ብዙ ናት።

ግቢያቸው ውስጥ፣ የድንጋይ ካቡ ላይ፣ እሳት ያላየ የጭቃ በሬ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ ወርዶበታል። ቀንዱ የለም፣ ወገቡ ተንዷል፤ እሷ ስትሠራው አይቼ ባላውቅ በሬ መሆኑንም አልለየው ነበር። በምረቃው ቀን ስሜ ሲጠራ መጽሐፉን ነጠላዬ ውስጥ እንደያዝኩ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

ትልቅ ሰው ሆኜ መጀመሪያ ያሳተምኩት መጽሐፍ የዚያ በሬ ታሪክ ነው። አሥር ዓመት ያህል መጨረሻ ስፈልግለት ኖሬ በእሷ ቃል ዘጋሁት፦ «ገና አልወሰነም።» ልጆች በዚህ ይናደዱብኛል። በቀደም ከአራዳ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ሳነብላቸው እንደ ልማዳቸው ጮኹብኝ፤ በሬውን እሳት ያስገቡት አሉ፣ ጃንጥላ የሰጡትም አሉ። ከዚያ ሥዕል እንዲሥሉ ወረቀት አደልኳቸው። ዛሬ ወረቀትም ባለ ቀለም እርሳስም አለ፤ እኛ የእርሳስ ጫፍ በምራቅ እያራስን እናደምቅ የነበረውን እነሱ ከሃያ ቀለም መርጠው ያደርጉታል።

አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብዋ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ሥላለች። ጉንጭ፣ ጆሮ፣ ጉንጉን፤ አንድ ዓይን። ጎንበስ አልኩና በዝግታ ጠየቅኋት፦ «ምነው አንድ ዓይን ብቻ አደረግሽላት?»

ልጅቷ እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከጎኔ ስለምትቀመጥ ነዋ!»

ጓደኛዋ ሥዕሉን አንገቷን አስግጋ አየችና «ጆሮዬን አተለቅሽው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። በቃ፣ ይኸው ነበር፤ ከእኔ አፍ ዕድሜ ልኬን ያልወጣው ነገር።

ቤት ስገባ ረቂቁን ገፋ አድርጌ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋሁ። ብርቄን መጀመሪያ እንዳየኋት ልሥላት ብዬ ነው። ጉንጯ መጣልኝ፣ ጆሮዋም መጣ፣ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር። ከዚያ እርሳሴ ቆመ። ስመለከተው፣ እጄ ሳላዘው ከአፍንጫዋ ወዲያ፣ ከጎን ለተቀመጠ ሰው በማይታየው በኩል፣ ሁለተኛውን ዓይን ጀምሯል።