ሙሾ በእንግሊዝኛ

እህተማርያም የተናደደችው ልጆቹ ስላላለቀሱ አልነበረም። እንባው ወደ ውስጥ የሚፈስ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ስንት ለቅሶ ቤት የቆመች ሴት ናት። ያናደዳት ፈገግታቸው ነው።

የባንታየሁ ሠልስት ነበር። እሷም ሟቹም በተከራዩበት፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር ባለው ፎቅ ግቢ፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ የእድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው፣ እሷ መሃል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። የዘወትር ሥራዋ ኪሊማኒ በወይዘሮ ዓለምፀሐይ ምግብ ቤት ወጥ መሥራት ነው። ሰው ሲሞት ግን ናይሮቢ ያለ አበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። ሙሾ አውራጅ ደግሞ ማንም የሌለው መብት አላት። ሟቹን እያመሰገነች ቋሚውን ትወቅሳለች። ሽማግሌ አለባብሶ የሚያልፈውን፣ ቄስ ለንስሐ ጊዜ የሚያቆየውን፣ እሷ ቤት እየመታች በሰው ሁሉ ፊት ትናገረዋለች። የተወጋው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል እንጂ አይመልስም። በግጥም ለመጣ ክስ በተራ ወሬ መከራከር አይቻልማ።

የዚያን ዕለት እንዲህ ብላ ነበር፦

ሁለት ልጆች ወልዶ መኪና ያላቸው፣
ወደ ካሳራኒ ነዳጅ አለቀባቸው።

ድንኳኑ ገባው። ሳቁን በጋቢው ጫፍ ያፈነም ነበር፤ ወደ ፊተኛው ወንበር ሰረቅ አድርጎ ያየም ነበር። እዚያ የተቀመጡት የሟቹ ልጆች ናቸው። ኤልናታን ኪሊማኒ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ እህቱ ቤቲ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የካርጎ ሥራ አላት። ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ፣ ከአማርኛ ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ የያዙ ናቸው። ሁለቱም ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ኤልናታን ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጻት ቆየና፣ ስትጨርስ ቀርቦ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሶ ቢዩቲፉል፣ አንቲ» አላት።

ደሟ ፈላ። በአደባባይ የሰደበችው ሰው ድምፅሽ ያምራል ብሎ አመሰገናት። ከዚያ የባሰ ንቀት አለ? ንቀት ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ የሚንቅ ሰው ቢያንስ ሰምቷል።

ባንታየሁን የምታውቀው ከታመመ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሆና ስትገባ ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ይዞት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር በግድግዳ ተደግፎ የሚሄድ ሰው ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሾርባ ታደርስለታለች፤ እሱም ከሞያሌ ናይሮቢ መኪና ሲነዳ ያየውን ሁሉ እየተንተባተበ ያጫውታታል። እሑድ እሑድ ስልኩ ይጮሃል፤ ያወራል፣ ይለምናል፣ ወዲያው ከዚያኛው ወገን ይዘጋበታል። ልጆቹ የሚልኩት ገንዘብ በስልኩ፣ በኤምፔሳ፣ ሳይቋረጥ ይገባል። ሰሞኑን አዲስ ስልክም ልከውለት ነበር። እሷ ሥራ በዋለችበት ቀን ሞቶ ያገኘችውም ያንኑ ስልክ እንደጨበጠ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳይነገራቸው ሊቀር ነው? ለአርባው በሚገባቸው ቋንቋ ልትነግራቸው ቆረጠች።

ሩመይሳ የምትባል፣ አበሻ በሚበዛበት በኢስሊ ሰፈር አድጋ አማርኛም እንግሊዝኛም የምትችል ልጅ ከላይኛው ፎቅ ትኖራለች፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። እህተማርያም ምሽት ላይ በሯን አንኳኩታ፣ ቤት የሚመታ እንግሊዝኛ ስጪኝ አለቻት። ለሩመይሳ ይህ የየዕለት ሥራዋ ነው፤ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት የሚሰማ ቃላትን በጭብጨባ እያስደገመች ነው ሕፃናቱን የምታስተምረው። ሳታስብ «ካት፣ ሃት፣ ራት፣ ማት» አለቻት።

«ምን ማለት ናቸው?»

«ድመት፣ ባርኔጣ፣ አይጥ፣ ምንጣፍ።»

«ሰው ሞቶብኝ ነው እኮ የመጣሁት፣ ልጄ። ድመቷ ባርኔጣ ለብሳ ለቅሶ ልትደርስ ነው?»

ሩመይሳ በሳቅ ወደቀች። ቀጥላ ማዘር፣ ብራዘር፣ አዘር አለቻት። እህተማርያም ፋዘርን ከራሷ ጨመረች። እሱ እንኳ ለእንግሊዝ ጆሮ ከማዘር ጋር ቤት አይመታም ብትላት፣ አባትና እናት ቤት ካልመቱ ማን ሊመታ ነው ብላ ተቆጣች። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ብዙ ምሽት አለፈ። አንድ ቀን ሩመይሳ ልብስ እያጠፈች፣ ስቶን፣ ቦን፣ ፎን፣ አሎን ብላ ደረደረችና ፍቺያቸውን ነገረቻት፤ ድንጋይ፣ አጥንት፣ ስልክ፣ ብቻ።

«ድገሚልኝ» አለች እህተማርያም። «ስልክና ብቻ። ቤት ይመታሉ?»

«በደንብ ነዋ፣ እትዬ።»

ሁለቱን ቃላት በአፏ አመላለሰች። ቤት የመታ ቃል ክፉ ጉልበት አለው። ሁለት የማይዛመዱ ነገሮች ጫፋቸው ስለገጠመ ብቻ ምክንያትና ውጤት ይመስላሉ፤ ጆሮ ከተስማማ ልብ ማስረጃ አይጠይቅም። እህተማርያም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርዱ የተጻፈ ያህል ተሰማት።

ግጥሙን ድስቱ ላይ ቆማ ስታጉተመትም ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሰማቻት። ዓለምፀሐይ አሠሪዋ ብቻ ሳትሆን የእድሩም ሰብሳቢ ናት። ሙሾ ማልቀሻ እንጂ መክሰሻ አይደለም፣ ደግሞ ኤልናታን ፈረንጆቹን ሁሉ ይዞ የሚመጣው እኛ ጋ ነው፣ ብታዋርጂው ሌላ ማብሰያ ቤት ፈልጊ አለቻት። እህተማርያም ከድስቱ ቀና ሳትል፣ «ይሁና፣ እትዬ ዓለም። ወጥ የትም ይሠራል» አለች።

አርባው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የባንታየሁ ፎቶ በአበባ ተከቦ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሩመይሳ ከኋላ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። እህተማርያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ዜማው የአገር ቤት ነው፣ ቃሉ ግን፦

ዩ ሴንት ዘ መኒ፣ ዩ ሴንት ዘ ፎን፤
ኢን ካሳራኒ፣ ሂ ዳይድ አሎን።

ገንዘቡን ላካችሁ፣ ስልኩንም ላካችሁ፤ ካሳራኒ ላይ ብቻውን ሞተ። ደገመችው። ጉድባይ እና ክራይ የሚገጥሙበትን ሁለተኛውን ልታስከትል ስትል ቤቲ ከወንበሯ ተነሣች።

ሙሾ አይመለስለትም። ቤቲ ግን ያንን ሥርዓት ማን ነግሯት? ፊቷ ቀልቶ በእንግሊዝኛ ትናገር ጀመር፤ ሩመይሳም ከኋላ መጥታ እያከታተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«እሑድ እሑድ ስደውል በማላውቀው ቋንቋ ያወራኛል። እንዳላውቀው ያደረገኝ ማን ነው? ትምህርት ቤታችን ቋንቋ ይቀላቀልባቸዋል ስላለው፣ ቤት ውስጥ አማርኛ የተነፈሰውን በቀበቶ ይገርፍ ነበር። እናታችን እንኳ ስታባብለን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ ስትሮኩ እንግሊዝኛውን ጠራርጎ ወሰደበት። መጣሁ። ያልኩት አልገባውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደግሜ መጣሁ፣ ደግሞ አዞረ። ከዚያ ቀረሁ።»

እህተማርያም ይህን አላወቀችም። ባንታየሁ እንግሊዝኛ ይችል እንደነበር እንኳ ሰምታ አታውቅም። ቁጣዋ ግን የሚመለስበት በር አጣ፤ ሙሾውን ትታ በተራ አፍ፣ «አጠገቡ ለመቀመጥ ቋንቋ ያስፈልጋል?» አለች።

ሩመይሳ ጥያቄውን ለቤቲ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችላት። ቤቲ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አያስፈልግም። ቀጥላም ጠየቀች፤ እሑድ እሑድ ምን ነበር የሚለኝ? ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነበር።

«መቼ ነው የምትመጪው፣ ልጄ? ዛሬ እንኳ ነይ» አለች እህተማርያም፣ ስትሰማው የኖረችውን እየደገመች።

የቤቲ ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ድምፁን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ትርጉሙን ነበር የማታውቀው። ሩመይሳ ተረጎመችላት። ቤቲ ቁጭ አለች፤ ወንድሟ ትከሻዋን ሊይዝ ሲል እጁን ገፋችው።

እህተማርያም ይህን ቆማ አየች። ያሰበችው ሆኖላታል፤ ልጆቹ ሰምተዋል። ታዲያ ምነው አንጀቷ አልራሰም? የወጋችው ሰው ደምቶ እያየች ቁጣዋ ከመብረድ ይልቅ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የቆመበትን ቦታ ለቆ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ዞር ስትል ፎቶውን አየችው። ባንታየሁ በወጣትነቱ፣ ከረባት አስሮ፣ ልጆቹን ፈረንጅ ሊያደርግ ቆርጦ የተነሣ ሰው ሆኖ ያያታል። ያ ሁሉ ሾርባ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥፋቱ የእኔ ነው ሳይላት! ልጆቹን እየረገመች ስትወጣ እያየ፣ ዝም!

ሟች አይወቀስም። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ሙሾ አውራጅ ያለችበት ምድር ሁሉ ያውቀዋል። ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ፎቶው አዙራ ጀመረች፦

ቋንቋህን ደብቀህ ከገዛ ልጆችህ፣
ለማን ሊደርሱ ነው የጣር ቃላቶችህ?

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ ነውር ነው እያሉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ መጥታ ነጠላዋን ያዘቻት፤ አስለቅቃ ያንኑ ደገመችው፣ ከቀድሞው ከፍ አድርጋ።

ኤልናታን ግራ ገብቶት አባቴን ምን እያለችው ነው ብሎ ጠየቀ። ዓለምፀሐይ ቶሎ ብላ፣ እያመሰገነችው ነው አለች።

«አይደለም» አለች ሩመይሳ በእንግሊዝኛ። «ስለ እናንተ እየተቆጣችው ነው።»

እህተማርያም ሦስተኛ ጊዜ ልትል ትንፋሿን ሰበሰበች።