ሁዳዴ ሳይፈርስ የያዘው ዳስ

አያ ሃይለ ሚካኤል ያን ሁሉ ሳምንት ሲጠብቁ የከረሙት ዛፋቸውን ነበር ወይስ ልጃቸውን? የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወንዳወቅ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ጠይቋል። እሳቸውን ቢጠይቃቸው ደግሞ «የተማርከው አንተ አይደለህ? ንገረኛ!» እንደሚሉት ያውቃል።

ነገሩ የተጀመረው ከሩቅ አገር የመጣ እንጨት የሚቦረቡር ጥንዚዛ ቡሬ ገባ ተብሎ ሲወራ ነው። ወንዳወቅ ከጅጋ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ሰዉን ሰብስቦ አስረዳ። ጥንዚዛው በራሱ ክንፍ ብዙ አይርቅም፤ ከአገር አገር የሚያዞረው ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት የሚጭን ሰው ነው። ትሉ ከቅርፊቱ ሥር ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ክንፍ ሲያወጣ እንጨቱን በስቶ ይወጣና ወደ ቆመ ዛፍ ይሄዳል።

ከሁሉም አብልጠው የደነገጡት አያ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ አራት መቶ ባሕር ዛፍ አለ። ልጃቸው አምለሰት በተወለደች ዓመት የተከሉት ነው፤ ጉልበታቸው ሲደክም የሚጦራቸውም እሱ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ መንደሩ መግቢያ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ጋሪ ያስቆሙ ጀመር። አንድ ቀን እማማ አየለች ከገበያ ሲመለሱ አያ ከዘንቢላቸው አዲስ ማማሰያ አወጡባቸውና ትል ይኖርበት እንደሆነ አንኳኩተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ይናገራል?» አሉ እማማ አየለች።

«ዝም ብሏል።»

«እንግዲያስ ከእርስዎ ይሻላል።»

አያ ያልፈተሹት ነገር ቢኖር የገዛ ግቢያቸውን ነበር። ጥር ላይ፣ ወሬው ገና ሳይሰማ፣ ለአምለሰት ሠርግ ዳስ ሲጣል የራሳቸውን ዛፍ ለመቁረጥ ሳስተው ወንድማቸው ከቡሬ በአይሱዙ የላከላቸውን አጣና ከነቅርፊቱ አቆሙት። በሠርጉ ማግስት ሙሽራው በድንገት ለሥራ ተጠራ። መልሱ ለሌላ ጊዜ ተባለ፤ ሌላው ጊዜ ሳይደርስ ሁዳዴ ገባ። በጾም ደግሞ መልስ የለም። አያም «ልጄ መልስ ሳትመጣ ዳሷ አይፈርስም» አሉ። የዳሱ ቅጠል ረግፎ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ጎረቤቱም «አያ፣ የልጅ ልጅዎንም እዚሁ ይዳሩ እንጂ» እያለ ያልፋል።

ሆሳዕና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ወንዳወቅ በጠዋት ወደ ግቢው ጎራ አለ። አያ ዓይናቸው ቀልቷል። ከየአጣናው ግርጌ ነጭ ዱቄት ተከምሯል።

«አያ፣ ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የሠርግ ነው። ገና አልተጠረገም።»

«ሠርጉ እኮ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።»

«ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ሰነፍ ናት።»

ባለቤታቸው እንቁ ከጓዳ ሰምተው ብቅ አሉ። «ሰነፍ? አጣና አቅፈው የሚያድሩትስ ማን ናቸው? ሦስት ሌሊት አልተኙም እኮ! ‹ይቆረጥማል› ይላሉ፤ ምኑ ቢሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።»

ወንዳወቅ ቢላውን አውጥቶ አንዱን ቅርፊት ገለጠ። የጣት ያህል የወፈረ ነጭ ትል ተገላበጠ። ሌላውን ገለጠ፤ እሱም ያው።

«ገና ክንፍ አላወጡም» አለ። «ግን አያ፣ እነዚህ ጾም አያውቁም፤ ፋሲካንም አይጠብቁም። ከዚህ እስከ ዛፍዎ ሃያ እርምጃ ነው።»

የመንደሩን ማማሰያ ሁሉ የፈተሹት ሰው መሬት መሬቱን አዩ። መልስ ያልመጣች ልጅን ዳስ ማፍረስ፣ ለእሳቸው፣ ልጅቱን አትምጪ እንደማለት ነበር። እንቁ ስልክ ደውለው ነገሩን ለልጃቸው ነገሩና ስልኩን ወደ ባላቸው ጆሮ አስጠጉት። የአምለሰት ድምፅ ወንዳወቅም ዘንድ ደረሰ።

«አባ፣ በእኔ ምክንያት ነው ዛፉን የሚያስበሉት?»

«ዳስሽ እኮ ነው።»

«ዳሱማ ደርቋል። ዛፉ ግን እኩያዬ ነው። ለመልስ ስመጣ እዚያ ሥር ነው የምቀመጠው። ጥላ ያጣሁ እንደሆነ ያኔ ነው የምቀየምዎት!»

አያ ስልኩን መለሱና መጥረቢያቸውን አነሱ።

የመጥረቢያው ድምፅ መንደሩን ጠራው። ጋሪያቸው የተመለሰባቸው ሁሉ መጡ፤ አጣናው የሚቃጠልበት እሳት ተያያዘ። እማማ አየለች ያቺኑ ማማሰያ ይዘው እሳቱ አጠገብ ቆሙ፤ የሚመጣውን አጣና ሁሉ ያንኳኳሉ።

«ፍተሻ ነው! ይናገራል?»

አያ አንገታቸውን ደፉ። «ይናገራል።»

«በሉ ወደ እሳቱ!»

ሙሽራዋ በሠርጉ አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችበትን የማዕዘን አጣና አያ ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱት፤ ራሳቸው ጨመሩት። ከዚያ ወደ ጓሮ አልፈው አንዱን ባሕር ዛፍ አቀፉና ጆሯቸውን ለጠፉበት። ብዙ አዳመጡ፤ የሚቆረጥም የለም። ከዚያም ጀርባቸውን ሰጥተው ግርጌው ተቀመጡ።

ወንዳወቅ ያን የዛፍና የልጅ ጥያቄውን ዛሬስ ልጠይቃቸው ብሎ ተከተላቸው። «አያ» አለ። ያንኮራፋሉ። ከሦስት ሌሊት በኋላ የተኙበትን ሰዓት ሊያይ ስልኩን አወጣ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።