ማግኔት የያዘው ሜዳይ

በስደት ከተማችን የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደወለው ለእኔ ነው። የሟች የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። እስከ ዛሬ በእኔ እጅ ፈሪ ወይም ንፉግ ሆኖ የተቀበረ ሰው የለም።

የጀመርኩት በአባቴ ነው። ጦር ሠራዊት ውስጥ ወጥ ቤት ሆኖ ያገለገለውን ሰውዬ «በየግንባሩ ጠላትን ያርበደበደ» ብዬ ጻፍኩት። አባቴ ያርበደበደው ነገር ቢኖር ዶሮ ነው። ልጄ ግን ያንን አምኖ አደገ። ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሲቀጠር፣ «የጀግና የልጅ ልጅ ሽንኩርት ሊልጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት «ኦኬ አባ» ብሎ ይዘጋዋል።

ዌስት አዳምስ ሰፈር ያሉት አከራዬ ዘራቸው ከጀርመን የሆነ አሮጊት ናቸው። ሥራዬን ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ውስጡ አንድ ሜዳይና እርሳቸውም ማንበብ ያቃታቸው አንድ የወየበ የድሮ ጀርመንኛ ወረቀት አለ። የአያታቸው አባት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጀርመኖች ከፈረንሳይ ጋር በተዋጉ ጊዜ ወታደር ነበሩ።

«በፈረስ ገብቶ መድፍ ማርኳል ይባላል። እሑድ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ታሪኩን ጻፍልኝ፣ ላነበው» አሉኝ።

በአንድ ከሰዓት የአያታቸውን አባት መድፉን አስማረክኋቸው። ፈረሱንም ዳማ አደረግሁት። የሜዳዩ ስም ብቻ ስለቀረኝ ግሌንዴል ወደሚገኝ የኒሻን ሰብሳቢ ሄድኩ። ሰውዬው ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት አንሥቶ አስጠጋው። ሜዳዩ ማግኔቱ ላይ ጥብቅ አለ።

«ለተዋጉት የተሰጠው ነሐስ ነው፣ ማግኔት አይዘውም። ብረቱ ሳይዋጉ ላገለገሉ ነው» አለኝ። ወረቀቱንም አነበበልኝ። የአከራዬ ቅድመ አያት የጦሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ።

ፌርፋክስ ተመልሼ ምሳ ለምበላባት ምግብ ቤት ባለቤት ነገርኳት።

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ማን ቼክ ያደርጋል? ሶ፣ ጀግና ነበር በላትና ፊኒሽ አድርገው» አለችኝ።

ምክሯ ልቤን ስላገኘው፣ የጀግናውን ታሪክ በአንድ ኪሴ፣ ለማንኛውም ብዬ የጻፍኩትን የጋጋሪውን በሌላ ኪሴ ይዤ ለአከራዬ ጀግናውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«የፈረሱን ቀለም ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም፤ የእኛ ሰው አልቅሶ ነው የሚያዳምጠኝ። ሌላውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ቤቱን ልቀቅ እስኪሉኝም መጠበቅ ጀመርኩ።

«ጋጋሪ?» አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አባቴ ዳቦ ቤት ነበረው። የጀግና ዘር ሊጥ ሲያቦካ ይኖራል እያሉ እስኪሞት ድረስ ሲያፌዙበት ኖሩ። ይህን ሳያውቅ ሞተ።» ጋጋሪውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ጀግናውን መለሱልኝ።

አፈርኩ። በቁሜ አፈርኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለልጄ ደወልኩለት።

«አያትህ ተዋግቶ አያውቅም» አልኩት። «የጦሩ ወጥ ቤት ነበር። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ከበስተኋላው ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ለስንት ሰው ነበር የሚሠራው?» አለኝ።

«ለአንድ ሻለቃ ጦር።»

«በእንጨት?»

«በእንጨት።»

«ዋው! ቆይ አባ፣ አትዝጋው» አለኝ። እኔ የጻፍኩለትን ጀግና በሚመለከት አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።