የኡሙሃኒ ቀኝ ክንድ

ኡሙሃኒ ወንጭፍ ስታሽከረክር ሮቢት ከተማ ዳር ያሉ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩ ነበር። ማሽላ ሲያሸት የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ወርዶ ማሳ ያራቁታል፤ የእሷን ማሳ ግን በድንጋዩ ፉጨት ብቻ እየደነበረ ይሸሸዋል። «የሴት ክንድ አይደለም» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቀኝ ጡቷ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰች። ለማንም አልተናገረችም። ቆዳው ሲቆስል ግን ባሏ በድረዲን በአውቶቡስ ደሴ ወሰዳት።

«በሽታው ጡንቻው ላይ ተጣብቋል። ጡትሽን ከነደረት ጡንቻሽ እናነሳዋለን» አላት ሐኪሙ።

«እጄስ?»

«እጅሽን አንነካውም።»

አልዋሸም፤ እጇን አልነኩትም። የክንድ ጉልበት ከደረት እንደሚመጣ ያወቀችው ቤቷ ገብታ እንስራ ላንሳ ስትል ነው። ቁስሉ አመርቅዞ ክረምቱን ሙሉ አሰቃያት። ሲሽር ደረቷ ጎድጉዶ ቆዳው ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣበቀ። ክንዷ ደግሞ እያበጠ ሄደ፤ የበጋው ሙቀት ሲበረታ አምባሯ ሥጋዋ ውስጥ ሰጠመና አንጥረኛ ቆርጦ አወጣላት።

በድረዲን ክፉ ቃል አልወጣውም። በሙቀቱ ወራት እንደ ሰው ሁሉ ደጅ ተኛ፤ ብርዱ ሲመጣም አልገባም። ኋላ ዋጃ ላይ ሌላ አገባ።

«አልፈታሁሽም እኮ» አላት ግመሉን እየጫነ።

«አውቃለሁ» አለች።

ሴቶቹ ጎሊና ወንዝ ሊታጠቡ ሲወርዱ ይጠሯት ነበር። «ዛሬ አሞኛል» እያለች ብትቀር ብትቀር መጥራቱን ተዉት። እነሱ ሲመለሱ እሷ ትወርዳለች፤ ቀሚሷን ሳታወልቅ ብቻዋን ትታጠባለች።

ማሽላው ሲያሸት ማማው ላይ ወጣች። ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ፤ ድንጋዩ እዚያው ማማው ሥር ወደቀ። ግሪሳው ሲሰፍር እያየች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። በዚህ መሀል ከጎን ማሳ አንድ ድንጋይ እያፏጨ መጥቶ ወፉን በተነው። ወርዋሪዋ ባሏ የሞተባት ጎረቤቷ ጌጤ ነበረች። ድንበሩን ተሻግራ መጥታ ማማው ላይ ወጣች።

«እስቲ አሳዪኝ» አለቻት።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ኡሙሃኒ ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች። ጌጤ ፊቷን ሳታዞር አየች፤ ከዚያ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አሳረፈች።

«ያምሻል?»

«ይኸ አይሰማኝም። የሚያመኝ የሌለው ነው።»

«አብሽሪ እህቴ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ማሳ ጌጤ ትጠብቅ ጀመር። ኡሙሃኒም ጣሳ ያንጠለጠለችበትን ገመድ በግራ እጇ እየሳበች ታንኳኳለች። ማማ ለማማ እየተጯጯሁ ሲያወሩ ይውላሉ።

ድርቁ ገባ፤ ማሽላው በቁሙ ደረቀ። ወለጋ ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎች ሲመረጡ ጌጤ ተመዘገበች፤ ኡሙሃኒም ከኋላዋ ተሰለፈች። ካድሬው ያበጠውን ክንድ አየ።

«በዚህ እጅ ደን ትመነጥሪያለሽ? ዞር በይ!»

«አብረን ነን፣ ጓድ። የእሷንም እኔ እሠራለሁ» አለች ጌጤ።

«ዞር በይ አልኩ!»

ጌጤን የያዘው መኪና ከቆቦ ሲነሳ ኡሙሃኒ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ጌጤ ከሰው መሀል አንገቷን አስግጋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው።

ያን ዓመት በእርዳታ ስንዴ አለፈችው። ዝናብ ሲመለስ ግማሹን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥታ የቀረውን በግራ እጇ እየጎለጎለች ዘራች። ከሰፈራ አምልጦ የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር፣ ጎብዬም ይሁን ቆቦ፣ ሄዳ ስለ ጌጤ ትጠይቃለች። አንዱ በወባ ሞታለች አላት። ሌላው ደግሞ ባል አግብታ፣ በቆሎ ዘርታ አየኋት አለ።

ኡሙሃኒ ሁለተኛው ሰውዬ ቤት ደጋግማ ትሄድ ነበር። ሰውየው ሌላ የሚነግራት እንደሌለው ደጋግሞ ነግሯታል። ቢሆንም ደጁ ላይ ትንሽ ተቀምጣ፣ በቆሎው ምን ያህል እንደነበር ጠይቃው ትመለሳለች።