በማንኪያ የታዘዘ ፈርኔት

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። አዲስ አበባ

ሎንቺናው ከመርካቶ ሲነሳ ሰማዩ ገና አልገለጠም። ጭኔ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዣለሁ። ፈርኔት ይሉታል፤ የጣልያኖች መራራ መጠጥ ነው። አጠገቤ አጎቴ ጋሽ ደግፌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንኮራፋሉ። የምንሄደው ነቀምቴ ነው፤ እሳቸው ለሽምግልና፣ እኔ ለወሬው። መምህርት ለሊሴን ሊለምኑልኝ ነው። አባቷ ኦቦ ቶሌራ እንቢ ካሉ ለሌላ ሊድሯት እንዳሰቡ መልእክት ልካልኛለች። እንግዲህ በዚች ጉዞ ወይ አገባለሁ ወይ እቀራለሁ።

ጠርሙሱ ለአባትየው ነው። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ የበሉት አይስማማቸውም። ፒያሳ ያለው ጣልያን ባለቡና ቤት፣ «ከምግብ በኋላ አንድ ማንኪያ፤ ለሆድ ከዚህ የሚሻል የለም» ብሎ ሸጠልኝ። እነ ለሊሴ የሚሲዮን ክርስቲያኖች ናቸው፣ መጠጥ ደጃቸው አይደርስም ብዬ ብፈራ አጎቴ ተቆጡኝ።

«ኮሶ የጠጣ ሰው ሰካራም ይባላል እንዴ? መድኃኒት መድኃኒት ነው!»

እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር ለአማት አልሰጥም ብዬ እዚያው ቡና ቤት አንድ ብርጭቆ አስቀድቼ ነበር። እግዚኦ! እሬት ከጤና አዳም ጋር የቀቀሉት ይመስላል። ፊቴ ተኮማተረ፣ ጣልያኑ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሆዴ ውስጥ ደስ የሚል ሙቀት ገባ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ።

ረፋድ። አምቦ

በወረቀት ሀገረ ሕይወት ናት፣ ሰው ግን አምቦ ነው የሚላት። ጥብሱ የሚጣፍጥ፣ ዳቦው የትናንት። የሆቴሉ ባለቤት ወፍራም ደስተኛ ሴት ናቸው። ስለ ፈርኔት ስጠይቃቸው ከመደርደሪያው ቀይ ጠርሙስ አወረዱ።

«ቀዩ ቢተር ከምግብ በፊት ነው፣ ጥቁሩ ፈርኔት ከምግብ በኋላ። የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ አያዛንፉትም።»

በአምቦ ውሃ በርዘው ሰጡኝ። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ መጀመሪያ ይጣፍጥና መጨረሻ ላይ ምላስ ይይዛል። እኔ ሥርዓቱን እንዳላዛንፍ ከምግብ በኋላ ጥቁሩንም አስቀድቼ ጠጣሁ።

ከሰዓት። ባኮ

ከአምቦ ወዲያ መንገዱ አቧራ ነው፤ ቅንድባችን ሁሉ ቀላ። ባኮ ሙቀቱ ያፍናል። ሾፌራችን ሻይ ቤት አስገብቶኝ ኪና የሚባል ሌላ መራራ አስቀዳልኝ። «ኪኒን የሚሠሩበት ቅርፊት አለበት። እኔ ይኸን ይዤ ወባን አልፈራም» አለ። ወባን ይከልክል አይከልክል እንጃ፤ ከምሬቱ ኋላ የተቃጠለ ስኳር ጣዕም አለው፤ ወደድኩት።

ጋሽ ደግፌ ሻያቸውን ፉት እያሉ አዩኝ አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሆዱን የታመመው ማን ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለማወቅ ነው እኮ!»

አኖ ላይ በቆሎ የጫነ ጋሪ መንገድ ዘግቶ አስቆመን። ሲሬ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ነቀምቴ የገባነው እንቅልፍ እያዳፋን ነው።

ረቡዕ፣ ጠዋት። ነቀምቴ

አጎቴ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጠርሙሱን ይዘው፣ ከአንድ የአገሩ ሽማግሌ ጋር ሄዱ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ አግቢው ዝር አይልም። ስለዚህ ካደርንበት ሆቴል ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ቁጭ አልኩ። ጭንቀት ሲይዘኝ ፈርኔት አዘዝኩ። ቀጂው ከርቤ እንዳለበት ነገረኝ፤ አሽትቼ አመንኩት። ሁለተኛውን ያዘዝኩት ከርቤውን ለመለየት ነው። ሦስተኛውን ለምን እንዳዘዝኩ አላውቅም።

አጎቴ እየሮጡ ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ተሳካ! አንድ ማንኪያ ወስደው ‹ሆዴን ቀለል አለኝ› አሉ። በል ተነስ፣ አንተን ይፈልጋሉ።»

«እኔን? እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«በነሱ ቤት አግቢው ራሱ ቀርቦ አብሮ ይጸልያል፤ ቃል የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማን ነገረን? ና፣ ቶሎ!»

ፊቴን ታጠብኩ፣ ቅርንፉድ አኘኩ። ምን ዋጋ አለው!

ኦቦ ቶሌራ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። «አካም ቡልተኒ» ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው፤ ያጠናሁት ይቺኑ ነው። ደስ አላቸው፤ «ነገያ፣ ኢልማ ኮ» ብለው፣ ሰላም፣ ልጄ ብለውኝ ማለት ነው፣ እጄን ይዘው መጸለይ ጀመሩ። አጠገብ ለአጠገብ ቆመናል። ጸሎቱ መሐል ላይ ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህ የመድኃኒቴ ሽታ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለእኔ በማንኪያ ነው የመጣልኝ። ለአንተ በምንድን ነው?»

አጎቴ፣ «ኦቦ ቶሌራ፣ ሊቀምስ ብሎ እኮ ነው…» ሲሉ አባትየው እጃቸውን አነሱ።

«ወንድሜም ሊቀምስ ብሎ ነው የጀመረው። እሱ ሞተ፤ ሚስቱንና ልጆቹን እስከ ዛሬ የማበላው እኔ ነኝ። ለሸዌ አልሰጥም አላልኩም። ለጠርሙስ ግን ልጄን አልሰጥም።»

ለሊሴ ትሪ ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት አስቀምጣ ተመለሰች። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፤ አጎቴን ተናደድኩ፣ ጣልያኑን ተናደድኩ፣ ከሁሉም ምላሴን ረገምኩት።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ። መመለሻ

ለሊሴ ሎንቺናው ከመነሳቱ በፊት መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። አባቷ ሐሳባቸውን የቀየሩ መስሎኝ ወደ እሷ ሮጥኩ።

«አባባ ማታም አንድ ማንኪያ ወሰደ» አለች። «ከስንት ጊዜ በኋላ ትናንት ማታ ሳያቃስት አደረ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… እግዜር ይስጥልኝ ብሏል። ሲያልቅ በሰው ይላክልኝ፣ ራሱ እንዳይመጣ ብሏል።» ይኼኔ እንባዋ መጣ። «ምናለ አንተም በማንኪያ ብትቀምሰው!»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አምቦ ላይ ወፍራሟ ሴት ቀዩን ጠርሙስ ሲያሳዩኝ አይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ዓርብ። አዲስ አበባ

ፒያሳ ሄጄ ለኦቦ ቶሌራ ሌላ ጠርሙስ ገዛሁ፤ በነቀምቴው ሾፌር እልከዋለሁ። ጣልያኑ ብርጭቆ እየወለወለ «ላንተስ ልቅዳ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «እኔን ሆዴን አላመመኝም።»