ሸሪፍ የነበረው ሰበካ ጉባኤ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ማንም አልተጣላበትም። አንዲት የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪ የቆየ መዝገብ አንብባ አባቷን ለማስፈረም ስትሯሯጥ ነው። ግን ያን ሰሞን ልቤ እንዴት እንደዘለለ ሳስታውስ ዝም ማለት አቃተኝ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው። ታክሲ ነጂው አባቴ ባለፈው መስከረም ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ቤት ዋለ። ከተማው ለቤት ኪራይ የሚረዳበት ፎርም ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፤ የጎደለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ማመልከቻው ኅዳር አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ካላስገባን አፓርታማውን ለቀን ሜሪላንድ፣ ጌይተርስበርግ፣ አክስቴ ቤት ምድር ቤት መግባታችን ነው። አባቴ ግን "በስተርጅና ለማኝ ልሁን?" ይላል።

በዚያው ሰሞን የታሪክ አስተማሪዬ ስለ አካባቢያችን የቆየ ሰነድ አንብበን እንድንጽፍ አዘዘችን። እኔ ያገኘሁት አሜሪካ ነጻ ሳትወጣ የተጻፈ፣ የአንድ የቨርጂኒያ ደብር መዝገብ ግልባጭ ነበር። የደብሩ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ትምባሆ ያሰባስባሉ፤ በእሱ ችግረኛ ይረዳሉ። ገንዘባቸው ትምባሆ ነበር! ዓይነ ስውሩን ላስጠለለች ሴት ይህን ያህል፣ ወላጅ አልባዋን ላሳደገ ይህን ያህል። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"አባዬ፣ እዚህ አገርም ሰበካ ጉባኤ ነበር! ሰው በፈቃዱ እያዋጣ ችግረኛውን ይረዳ ነበር!"

አባቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ለዓመታት ወርሃዊ መዋጮ የሰበሰበ ሰው ነው። ነገሩ ወዲያው ገባው።

"አየሽ፣ ያለው በፈቃዱ ሰጠ፣ የሌለው ተመጸወተ። እኔ ምጽዋት አልፈልግም። አንቺው ነገርሽኝ እኮ!"

እሱን ላሳምንበት ያመጣሁት ነገር የእሱ መከራከሪያ ሆኖ ቀረ።

ረቂቄን ሳሳያት አስተማሪዬ "በፈቃዳቸው" ያልኩበትን አስምራ፣ "ይህን ከየት አገኘሽው?" አለችኝ። ያገኘሁት ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለደብር የሚሰጥ ሁሉ በፈቃድ የሚሰጥ መስሎኝ፣ ያልተጻፈ ነገር ጨምሬአለሁ። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ደግሜ አነበብኩት። መዋጮ አልነበረም፤ በሕግ የተጣለ ግብር ነበር። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ቆሜ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ተሳስቻለሁ! ግብር ነው! ቤተ ክርስቲያን ሳመም አልሳመም፣ ሁሉም ይከፍላል።"

"እምቢ ያለስ?"

"የአውራጃው ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፉ መጥቶ ንብረቱን ይወስድበታል።"

እስኪያስለው ሳቀ። "እኛም ሸሪፍ በሰጠን! ስንቱ ነው እኔን ሲያይ በጓሮ በር የሚወጣው!"

"ደግሞ ስማኝ፤ አንድ ሰውዬ አለ። ለዓመታት ከፋዮቹ መካከል ነው፤ ሲያረጅ ስሙ ተረጂዎቹ ጋ ተጻፈ። ማንም ለማኝ አላለውም።"

"በምን አወቅሽ? መዝገብ ስድብ አይጽፍም።"

"እሺ፣ ሰድበውት ይሆናል። ግን ከፍሏል!"

ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ መንገር ስላልፈለግሁ፣ ትምባሆውን ካለሙት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች እንደነበሩም ነገርኩት።

"እነሱስ ሲያረጁ ተረዱ?"

"እኔ ባነበብኩት ውስጥ አላገኘሁም።"

"ጉድ ነው" አለ፤ ቀጥሎም፣ "እኔ ታክስ ፋይል ማድረግ ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ ነው?"

"እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምረሃል።"

"ሸሪፍም መጥቶብኝ አያውቅ። እስክሪብቶ የት ነው የምታስቀምጡት እዚህ ቤት?"

ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ላይ ብቻዬን ዘለልኩ። አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አዩኝ፤ ፈገግም አሉልኝ።

ፎርሙን ለእኔ አልሰጠኝም። በክራንች እየተመረኮዘ ራሱ የከተማው ቢሮ ድረስ ወስዶ አስገባ፤ ለተቀባይዋም ሳትጠይቀው ስንት ዓመት ግብር እንደከፈለ ነገራት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እንደተፈቀደልንና ከቤታችን እንደማንለቅ የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰን በበዓታ ዕለት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ነው።